የጎደለን ግራ እግር

መቼም በአገራችን አሰልጣኝ ያልሆነ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ታክሲ ውስጥ፣ ጠጅ ቤት፣ ለቅሶ ድንኳን ሥር ሳይቀር አሥራ አንድ ሰው ሲያሰልፍ የሚያመሽ ሞልቷል። ቡድን ሲሸነፍ «እገሌን ለምን አላስገባውም?» ይባላል፤ ቡድን ሲያሸንፍም «እገሌ ቢገባ ኖሮ አራት ይሆን ነበር» ይባላል። ስለ አሥራ አንዱ የማይናገር የለም። አሥራ አንዱ ሜዳ ከመግባታቸው ከወራት በፊት አንድ ሰው ወረቀት ዘርግቶ፣ ማን ይግባ ማን ይቅር እያለ እንቅልፍ ስለሚያጣበት ዝርዝር ግን እምብዛም ሲወራ አልሰማም። እኔ ደግሞ ከጨዋታው ይልቅ ዝርዝሩ ከሚያጓጓቸው ጥቂቶች ወገን ነኝ። በሽታው ከየት እንደያዘኝም አውቃለሁ።

ያደግሁት ይርጋጨፌ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ የሞያሌን መንገድ ይዞ 400 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ዲላንና ወናጎን አልፎ ያገኛታል። ስለ ቡናዋ ዓለም ያወራል። የማይወራላት ሜዳ የሌላት መሆኑ ነው። የጌዴኦ ምድር ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ደልደል ያለውንም ቢሆን እንሰትና ቡና ይዞታል፤ ባዶ መሬት ማየት ብርቅ ነው። እኛ ልጆች የምንጫወትባት ቦታ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለች ነበረች፤ ዝናብ ከጣለ (ደግሞ መቼ አባርቶ ያውቅና!) የታችኛው ጎል አፍ ኩሬ ይሆናል።

ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሁለት አምበሎች ይቆማሉ። ቆርኪ ይጣላል፤ የቀናው ቀድሞ ይመርጣል። ከዚያ አንድ አንተ፣ አንድ እኔ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጥሪዎች ክርክር የለም፤ አብዶ የሚሠሩት ልጆች ይወሰዳሉ። ጉዱ የሚመጣው ከአራተኛው ጥሪ በኋላ ነው። ብልጡ አምበል ያን ጊዜ ዘወር ብሎ የወሰዳቸውን ይቆጥራል። ሁሉም አብዶ ሠሪ ከሆነ ማን ይሮጣል? ኩሬው ውስጥ ገብቶ ኳስ የሚያወጣውስ ማን ነው? ሞኙ አምበል ግን እስከ መጨረሻው አብዶ ሠሪ ይለቅማል፤ ከዚያ ልጆቹ በጨርቋ ኳስ «ስጠኝ!» «አልሰጥም!» ሲባባሉ ሦስት ለባዶ ይመራሉ። እኔ ብዙ ጊዜ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ የምጠራ ስለነበርኩ ይህን ሒሳብ ከቅርብ ሆኜ ተከታትዬዋለሁ። በመጨረሻ ማንም ያልጠራው ልጅ በረኛ ይሆናል። ይህ ሕግ ነበር፤ ማን እንዳወጣው አይታወቅም።

ይህንኑ የልጆች ምርጫ አሜሪካኖች የአገር ጉዳይ እንዳደረጉት የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ድራፍት ይሉታል። ድራፍት ሲባል እኛ የምናውቀው በብርጭቆ የሚቀዳውን ስለሆነ መጀመሪያ ስሰማው ስቄያለሁ። የእነሱ ድራፍት ግን ሌላ ነው። እነሱ ፉትቦል በሚሉት፣ እንደ እንቁላል የሞለለውን ኳስ በእጅ እየያዙ በሚጋፉበት ጨዋታ፣ በየዓመቱ ከኮሌጅ የሚወጡትን ወጣቶች ክለቦቹ ተራ ጠብቀው ይመርጣሉ። ዛሬ ክለቦቹ 32 ናቸው፤ ምርጫው ሰባት ዙር አለው። በተራው ቀዳሚ የሚሆነው ባለፈው ዓመት የመጨረሻ የወጣው ክለብ ነው፤ ዋንጫ የበላው መጨረሻ ይቆማል። ሐሳቡን ያመጣው በርት ቤል የሚባል የፊላዴልፊያ ክለብ ባለቤት ነበር። ክለቡ እየተሸነፈ፣ ደህና ተጫዋች ሁሉ ወደ ሀብታሞቹ ክለቦች እየሄደ ቢያስቸግረው «ደካማው ቀድሞ ይምረጥ» አለ፤ ሌሎቹም ተስማሙ። የመጀመሪያው ምርጫ እ.ኤ.አ. በ1936 ተካሄደ። የሚያስቀው፣ በታሪክ የመጀመሪያ ተመራጭ የሆነው ጄይ በርዋንገር በደመወዝ ሳይስማማ ቀርቶ በሊጉ አንድ ቀን እንኳ አለመጫወቱ ነው።

እዚያ አገር ስለዚህ ምርጫ የሚከራከሩት ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው «ተራህ ሲደርስ ከቀሩት ሁሉ ምርጡን ውሰድ፤ ቦታው ሞልቶ እንደሆነ ኋላ ይታሰብበታል» ይላል። ሁለተኛው «የለም፤ መጀመሪያ የጎደለህን እወቅ፤ የጎደለህን ሙላ» ይላል። የመጀመሪያው ወገን ሁልጊዜ የሚያነሳው ምሳሌ ከቅርጫት ኳስ የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ፖርትላንድ ሁለተኛ ተራ ደርሶት ነበር። በቦታው ጥሩ ተጫዋች ነበረው፤ የጎደለው ረጅም የመሐል ሰው ነበር። ስለዚህ ሳም ቡዊ የሚባል ረጅም ልጅ መረጠ። ቀጥሎ ሦስተኛ የነበረው ቺካጎ የተተወውን ልጅ ወሰደ። የተተወው ልጅ ማይክል ጆርዳን ነው። ቡዊ እግሩን እየተጎዳ ብዙ ዓመት አጣ፤ ጆርዳን የሆነውን ደግሞ ቲሸርቱን የለበሰ የመርካቶ ልጅ ሁሉ ያውቃል።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ተራ የለም። ክለቦቻችን ተጫዋች የሚያገኙት በገንዘብና በደላላ ነው። ብዙው ውል የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ስለሆነ በየክረምቱ ዝውውር ሲከፈት ግማሽ ቡድን ይወጣል፣ ግማሽ ቡድን ይገባል። የብዙዎቹ ክለቦች ገንዘብ የሚመጣው ከከተማ አስተዳደር ካዝና ነው። ወጪው አላስቀምጥ ቢል በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተደረገ፤ ጣሪያው ሥር ምን ያህል ፊርማ በጎን እንደተፈረመ ግን ባለቤቶቹ ይወቁት። ዝርዝር የሚባል ነገር በሰከነ መንፈስ የሚሠራበት ጊዜ የለም። ከዚህ የተነሳ ነው አንዳንዱ ቦታ በአገሩ ልጅ አልሞላ እያለ ከውጭ የሚመጣው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ለዓመታት በሩን ያስጠበቀው ኡጋንዳዊውን ሮበርት ኦዶንካራን ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ሻምፒዮን የሆነው ጅማ አባ ጅፋርም በረኛው ጋናዊው ዳንኤል አጄይ ነበር። በልጅነቱ መጨረሻ የተጠራ ልጅ ከቆመበት ጎል፣ አገር ሲያድግ በረኛ ከየት ይምጣ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ክረምቱን እናቴ ቤት ሳሳልፍ የወረዳው ቡድን ለዞን ውድድር ሲመረጥ ደረስኩ። አሰልጣኙ እኔንም በልጅነቴ ስፖርት ያስተማሩኝ መምህር ናቸው። ከተማው በሙሉ «ቲቸር» ይላቸዋል። «አንተ ጸሐፊ ነህ አይደል? ና ጻፍልኝ» ብለው ሦስት ማታ ቤታቸው አስቀመጡኝ። ባለቤታቸው ቡና እያፈሉ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠ፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የምመኘውን ሥራ ስሠራ ከረምኩ ማለት ነው።

ቲቸር የነጠላ መስመር ደብተር አላቸው። መሐሉ ላይ አሥራ አንድ ክብ ሥለዋል፤ በየክቡ ሥር ስም ደርድረዋል። ከፊት ባለው ክብ ሥር ሰባት ስም ቆጠርኩ። ሁሉም አጥቂ ነው፤ ሁሉም ጎል አግቢ ነው። ከመሐል ባለው ሥር ስድስት። በረኛው ሥር አንድ ሙሉ ስምና አንድ በእርሳስ የተጻፈ ስም ነበር፤ በእርሳስ የተጻፈው ሞተረኛ ስለሆነ ሥራ ከቀናው አይመጣም ማለት ነው። ከግራ ጀርባ ያለው ክብ ሥር ምንም የለም። ወረቀቱ ነጭ ነው።

ከአንዳንዱ ስም ጎን ደግሞ «ቡ» የምትል ፊደል አየሁ። «ቡናማ ማለት ነው?» አልኳቸው ለቀልድ። «ቡና ማለት ነው» አሉኝ ሳይስቁ። ውድድሩ ኅዳር ላይ ነው። ኅዳር እዚያ አገር እሸቱ የሚቀላበት፣ ቤተሰብ እስከ ሕፃኑ ለቀማ የሚወጣበት፣ መፈልፈያ ጣቢያዎቹ ሌሊት ሳይቀር የሚሠሩበት ወር ነው። «ቡ» የተጻፈበት ልጅ ምንም ቢጫወት አባቱ ኅዳር ላይ አይለቀውም። የአሜሪካ ክለቦች ለምርጫው የሚዘጋጁበት ክፍል በባለሙያና በኮምፒውተር የተሞላ ነው ይባላል፤ «ቡ»ን የሚያክል መረጃ ግን ያላቸው አይመስለኝም።

የመመዝገቢያ ፎርሙ ሃያ መስመር አለው። በሁለተኛው ማታ አሥራ ዘጠኙ ተሞሉ። ለሃያኛው ሁለት ልጆች ቀሩ።

የመጀመሪያው የከተማው ልጅ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ። አጥቂ ነው። ኳስ ሲይዝ ሊስትሮው ብሩሹን፣ ባለሱቁ ሚዛኑን ትቶ ያየዋል። እኔም አይቼዋለሁ፤ ስምንተኛ አጥቂ መሆኑ እንጂ ከሰባቱ ከሦስቱ ይበልጣል ብዬ መመስከር እችላለሁ። «ታዲያ ከሰባቱ አንዱን አውጥተው እሱን አያስገቡም?» ብላቸው ሰባቱ እንዴት ወደ አራት እንደተቀነሱ፣ አራቱም ሮጠው ኳስ እንደሚቀሙ፣ ይህ ልጅ ግን ኳስ ካጣ ወገቡን ይዞ እንደሚቆም አስረዱኝ።

ሁለተኛው ከከተማው አንድ ሰዓት በእግር ከሚያስኬድ ቀበሌ የመጣ ልጅ ነው። አብዶ አያውቅም። ዝም ብሎ ይቆማል፣ ዝም ብሎ ኳስ ያርቃል። ሲለማመዱ የከተማ ልጆች ይስቁበታል። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግራ እግር።

ነገሩን ላልተከታተለ አንባቢ ይህን ላስረዳ። ቀኝ እግረኛ ልጅ ግራ ጀርባ ላይ ስታቆመው ኳስ በመጣለት ቁጥር ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ካልዞረ መምታት አይችልም። ያቺ መዞር አንድ እርምጃ ትበላለች። ተጋጣሚ ይህን አንዴ ካወቀ አጥቂውን እዚያው ውስጠኛው በኩል አቁሞ ይጠብቀዋል። ባለፈው ዓመት ውድድር ወረዳችን የገባበት ጎል ሁሉ በዚያ በኩል እንደነበር ቲቸር ደብተራቸው ላይ ጽፈውታል። መስመር ይዞ ኳሱን ወደፊት የሚያሻግር ግራ እግረኛ ቢኖር ቡድኑ ሜዳውን በሙሉ ይጠቀማል፤ ከሌለ ግን ግማሽ ሜዳ ላይ ይጫወታል። ግራ እግረኛ ደግሞ በየትም አገር ጥቂት ነው። እኛ ጋ በግራ እጁ የሚጎርስና የሚጽፍ ልጅ እየተቆጣ ያድጋል፤ ደግነቱ እግሩን የሚቆጣው የለም። (ቲቸር «ደህና ግራ እግር ካልክማ የእህቴ ልጅ ናት ያላት፤ ፎርሙ የወንዶች ሆነ እንጂ» ብለውኛል። በቀልድ አልመሰለኝም። ጌዴኦ ዲላ በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ስሙን ያስጠራ አገር ስለሆነ በልጃገረዶቹ ኳስ ማንም አያሾፍም።)

ከተማው ግን ስለ ግራ ጀርባ ምን ገዶት! በሦስተኛው ቀን ማሊያ የገዙት የቡና አቅራቢ ቤት ድረስ መጡ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ቡና ጠጡ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ሲነሱ «ልጁ ይግባ አላልኩም። ሃያ አንደኛ ማሊያ ካስፈለገ ግን ችግር የለም» አሉ። ቲቸር እስከ በር ሸኟቸውና ተመልሰው «ማሊያ መጨመር ይቻላል፤ መስመር መጨመር ነው የማይቻለው» አሉኝ።

የፖርትላንድንና የጆርዳንን ታሪክ የነገርኳቸው ያን ማታ ነው። አንድ ወገን ይዤ አልነበረም፤ ታሪኩ ስለሚጣፍጥ ነው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ፖርትላንድ ሲተወው ማን ወሰደው አልከኝ?»

«ቺካጎ።»

«በስንት ቀን?»

«ወዲያው ነዋ ቲቸር፣ በዚያው ቀን፤ ቀጣዩ ተራ የቺካጎ ነበር።»

«እኔ ይህን ልጅ ብተወው ማን ይወስደዋል?»

የምመልሰው አልነበረኝም። ስለ ድራፍት ብዙ አንብቤ ይህችን አላሰብኳትም ነበር። «የጎደለህን ሙላ» የሚለው ምክር ያማረው ከጀርባው ሠላሳ አንድ ሌሎች መራጮች ስለቆሙ ነው። አንዱ ለቡድኑ ብሎ የተወውን ሌላው ለቡድኑ ብሎ ያነሳዋል፤ ልጁ ሜዳ ላይ አይቀርም። ይርጋጨፌ ላይ መራጩ አንድ ነው፤ ደብተሩም አንድ ነው። ከዲላና ከሐዋሳ ተጫዋች ፈልገው የሚመጡ ሰዎች የሚያዩት ያንን የዞን ውድድር ነው። እዚያ ያልታየ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት አሥራ ስምንት ይሞላዋል፤ በሚቀጥለው ደግሞ መፈልፈያ ጣቢያ አልጋ ላይ ቡና ያገላብጣል። አሰልጣኙ ለቡድኑ ትክክል በሆኑ መጠን ልጁን ይበድሉታል ማለት ነው፤ ሁለቱ አይነጣጠሉም።

እንዲያም ሆኖ ግራ እግሩን ጻፉ። በዚያን ጊዜም አሁንም ትክክል ናቸው እላለሁ። አንድ ሰው ቡድን ምረጥ ተብሎ ሲሾም የሚያምነው ደብተሩን እንጂ የሊስትሮውን ብሩሽ አይደለም። የእርሻውም ነገር እንዲህ ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ብዙ ሰው ስለ ቡናው መስሎት ነበር፤ የተመዘገበው ግን አሰላለፉ ነው። ላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ሥራቸው እንሰት፣ በመካከል ቡና። ገንዘብ የሚያመጣው ቡናው እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ ሆኖም ጥላ የሚሰጠው ዛፍ የወደቀበት ገበሬ በዛፉ ቦታ ሌላ ቡና አይተክልም። ለቲቸር ይህን ብነግራቸው «አንተ ደግሞ ጸሐፊ አይደለህ!» ብለው ይስቁብኝ ነበር፤ ስለዚህ አልነገርኳቸውም።

የጎደለ ሁሉ አስቀድሞ ይታወቃል ማለቴ ግን አይደለም። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስትደርስ፣ በ2005 ዓ.ም. ጥር፣ አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ወደ ደቡብ አፍሪካ የወሰዱት ዝርዝር 23 ስም ነበረው፤ ሦስቱ በረኞች ናቸው። በረኛ ቦታ ላይ ለአንድ ሰው ሦስት ስም መያዝ የቅንጦት ይመስላል። ጥር 13 ቀን ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ቀይ ካርድ አየ። በአሥር ሰው ያውም ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ፣ አዳነ ግርማ አግብቶ አንድ እኩል ወጣን፤ ያን ቀን ያላለቀሰ ካለ እጁን ያውጣ። በቡርኪና ፋሶ አራት ለባዶ ተሸነፍን። ጥር 21 ቀን ሩስተንበርግ ላይ ከናይጄሪያ ጋር ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሲሳይ ባንጫም በቀይ ወጣ። ቅያሬው አልቋል። ሦስት በረኛ ይዞ የሄደ ቡድን የቪክቶር ሞሰስን ፍጹም ቅጣት ምት እንዲጠብቅ ያቆመው አማካዩን አዲስ ሕንጻን ነበር። ጓንቱን ሲያጠልቅ ይርጋጨፌ የልጅነት ሜዳችን ታየኝ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ የባሰ መጣ። በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን ሁለት ለአንድ አሸንፈን፣ ከሳምንት በኋላ ደቡብ አፍሪካንም አዲስ አበባ ላይ ደግመን፣ ደስታው ሳይበርድ ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ መታገድ ሲገባው በቦትስዋናው ጨዋታ መሰለፉ ተሰማ። ሦስቱ ነጥብ ተቀማ። ደግነቱ መስከረም ሳይጠባ ማዕከላዊ አፍሪካን አሸንፈን ምድቡን በመሪነት ጨረስን። እንግዲህ ያን ሁሉ ተሰጥኦ የያዘ ቡድን ጎድሎት የነበረው ቢጫ የሚቆጥር አንድ ደብተር ነው። ቲቸር ይህ ጉዳይ ከተነሳ እስከ ዛሬ ድምፃቸው ይለወጣል።

የወረዳችን ቡድን በኅዳሩ ውድድር ዋንጫ አላመጣም። በግማሽ ፍጻሜ ወጣ። በግራ በኩል ግን አንድም ጎል አልገባበትም፤ ይህን ቲቸር ሁለት ጊዜ ደውለው ነግረውኛል። ሊመርጡ የመጡት ሰዎች የመሐል ተከላካዩን ስም ጽፈው ሄዱ፤ ግራ እግረኛውን አልጻፉም።

ጥር ላይ ለዳራሮ በዓል ወደ ይርጋጨፌ ወርጄ ነበር። ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ከቡና መጋዘኑ ጀርባ ደብ፣ ደብ የሚል ድምፅ ሰማሁና ዞር አልኩ። ያ አጥቂ ልጅ ነው። ብቻውን ኳስ ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። ቀኝ ጫማውን አውልቆ፣ ቀኝ እግሩን በባዶው ጭቃ ላይ ተክሎ በግራው ብቻ ነው የሚመታው። ኳሷ ወደፈለገችው ትሄዳለች። አየኝና አፍሮ ቆመ።

«ጋሼ» አለኝ፤ «በግራ መምታት በስንት ጊዜ ይለመዳል?»

«እኔ እንጃ። ከጀመርክ ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ከኅዳር ጀምሮ» አለና ኳሷን ለማምጣት ወደ ቦዩ ወረደ።